ፍልጥ ተጫምቶ ቁልቁል

አዲ አርቃይ የደረስኩት ጉልበቴ እንቢ ካለኝ በኋላ ነው። በሰሜን ተራሮች ካለው ከጨነቅ ተነስተን ሶናን፣ መካረብያንና ሙሊትን እያለፍን፣ ሌሊት ውሃ ከሚረጋበት ደጋ ላብ እስከሚያጠምቀው ቆላ ድረስ አራት ቀን ቁልቁል መጣን። ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል ሲባል ሰምቼ ነበር። ቁልቁለት ደግሞ ጉልበት እንደሚጨርስ የነገረኝ አልነበረም። ወሩ የካቲት 2010 ዓ.ም.፣ ቀኑ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ገና ገብቶ የመጀመሪያ ሳምንቱን ያላገባደደበት ነው።

መንገድ ዳር ያለች ቡና ቤት ገብቼ እግሬን ዘረጋሁ። ቴሌቪዥኑ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዋዜማው ሥልጣን እንደሚለቁ አሳውቀው ስለነበር ሁሉም የሚጠብቀው ዜና ነው። ዜናው እስኪደርስ ሪሞት የያዘው ጎረምሳ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዘል አንድ የዓረብ ጣቢያ ላይ ቆመ፤ ከኮሪያ የሚተላለፍ ውድድር ነው። ተራራው ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። የራስ ቁር የደፋ ሰው ሁለት ቀጫጭን ጣውላ ተጫምቶ እንደተወረወረ ድንጋይ ይወርዳል።

አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸ ሁሉ በረዶ ነው?»

«በረዶ ነው አባቴ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እህሉስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለደጋ ገበሬ በረዶ ማለት ክረምት መውጫ ላይ ያሸተ ገብስ በአንድ ሰዓት ከመሬት የሚያስተኛ መቅሠፍት ነው። አማርኛችንም የሳቸውን ያህል የተቸገረ ይመስለኛል። ከሰማይ እየጠጠረ የሚወርደው በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚያርፈውም ያው በረዶ ነው። ግእዙ ይሻላል፤ ዳዊት የደገመ ሰው በረድን፣ አስሐትያንና ሐመዳን ለያይቶ ያውቃቸዋል። አመዳይ የሚል ጥሩ ቃል ነበረን፣ ከመጽሐፍ ወጥቶ ገበያ አልገባም። ጨዋታውን ሁሉ ደግሞ «የበረዶ ሸርተቴ» ብለን ጠቅልለነዋል። ሸርተቴ ሕፃን በቂጡ የሚንሸራተትበት ነው። በስለት ጫማ በረጋ ውሃ ላይ መሽከርከሩም፣ ከተራራ መወርወሩም፣ በጫካ ውስጥ ሃምሳ ኪሎ ሜትር መጓዙም በአንድ ስም ይጠራል። በዚህ ላይ ውድድሩን «የክረምት ኦሊምፒክ» እንለዋለን፤ የሚካሄደው በየካቲት፣ በእኛ በጋ፣ አቧራ በሚጨስበት ወር።

ቃሉ ከተነሳ አይቀር፣ «ስኪ» የሚለው ስም ከጥንቱ የኖርዌይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፍልጥ ነው፤ ምድጃ የምንማግደው ዓይነት የተሰነጠቀ እንጨት። ነገሩ የባለጠጋ መዝናኛ ሆኖ አልተወለደም። በሰሜን አውሮፓ በረዶ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጎረቤት፣ ወደ አደን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ የገበሬ መጓጓዣ ነበር፤ ለእኛ ደገኛ በቅሎ ማለት ነው። በ1800ዎቹ ቴሌማርክ በተባለው የኖርዌይ አውራጃ የኖረ ሶንድሬ ኖርሃይም የተባለ ምስኪን ጭሰኛ እግሩን ከፍልጡ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ሠራ። ማሰሪያው ሲጠብቅ መዝለልም፣ በፍጥነት መታጠፍም ተቻለ፤ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ጉድ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው።

ዛሬ ሰው ለዚህ የሚጎርፈው ወደ አልፕስ ነው፤ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያን። በጣም ከታወቁት አንዷ የስዊዘርላንዷ ዘርማት ናት። መንደሯ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ ማተርሆርን የሚባለው ሹል ተራራ ቆሟል፣ 4,478 ሜትር። አሁን ወደ ቡና ቤቷ በር ውጡና ወደ ደቡብ ቀና በሉ። እንደ ጦር የተሰካኩት የሰሜን ተራሮች ሹል አለቶች፣ ከኋላቸው ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ደጋው፤ እዚያ ርቆ ራስ ደጀን፣ 4,533 ሜትር። ማተርሆርንን በ55 ሜትር ይበልጣል። በቁመት ከተለካካን የምናፍርበት የለም። ተራራ ሥር የተቀመጠች ሞቃት ከተማና ከላይዋ የሚያስፈራ ገደል ካስፈለገም፣ አዲ አርቃይ ከዘርማት የሚያንሳት በረዶውና ገመዱ ነው።

ገመዱ ነው አዛውንቱን ያስቸገራቸው። ቴሌቪዥኑ ሰዎች በአየር ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጠው ሽቅብ ሲሄዱ አሳየ።

«ወርደው ወርደው የት ነው የሚደርሱት?»

«ታች። ከዚያ ተመልሰው ይወጣሉ።»

«በእግራቸው?»

«በገመድ።»

«ምን ሊያመጡ?»

«እንደገና ሊወርዱ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የጠየቁት ከልባቸው ነው። እንጨት፣ ገብስ ወይም በሽተኛ ሳይሸከም ዳገት የሚወጣ ሰው እዚህ አገር ወይ ተሳላሚ ነው ወይ ፈረንጅ።

ቁልቁል መውረዱ ጥበብ አለው። ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው መሄድን ሳይሆን መቆምን ነው፦ የጣውላዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ፣ ከኋላ ከፍቶ፣ ተረከዝን ወደ ውጭ መግፋት። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ይለመጣል፣ ወደ ኋላ የተለመጠ ደግሞ ፍልጡ ከሥሩ አምልጦት በጀርባው ይዘረጋል። ስለዚህ ፍርሃትን እያዩ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ግድ ነው። ፍጥነት የሚገታው በመጠምዘዝ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረበውን የሊማሊሞን መንገድ ያየ ሰው ገብቶታል። የጫነ መኪና ገደሉን ፊት ለፊት ቢወርደው ፍሬን አይችለውም፤ ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ ቁልቁለቱን በርዝመት ይለውጠዋል። በተተከሉ እንጨቶች መካከል እየታጠፉ የሚወርዱበት ስላሎም የሚባለው ውድድርም ስሌቱ ከዚህ አይርቅም።

ቁልቁል መወርወር የማይዋጥለት ሌላ ምርጫ አለው። ስኖውቦርድ አለ፤ ሁለቱም እግር በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ታስሮ በጎን የሚኬድበት፣ ወጣቶች የሚወዱት፣ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። ልጅ ይዞ ለሄደ በመንሸራተቻ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ መውረድ ይበቃል። እግረኛ ለሆነ እንደ ወንፊት የሰፋ ጫማ አስሮ ሳይሰምጡ በጫካ መራመድ አለ፤ እኔን ብትጠይቁኝ ለሐበሻ የሚስማማው ይሄ ነው። ከሁሉ ሳንባ የሚፈልገው ደግሞ አገር አቋራጩ ስኪ ነው። ተረከዙ አይታሰርም፣ ገመድ የለም፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም በራስ ጉልበት ነው። ሯጭ አገር ስለሆንን ይህ የእኛ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ትንሽ ይቆየን።

መጀመሪያ፣ ሰሜን ላይ በረዶ ይጥላል ወይ?

ይጥላል፤ ማስረጃውም ሺህ ዓመት ያለፈው ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ አቆየልን። ጽሑፉ ስሙ ያልታወቀ፣ ከዚያ በብዙ የቀደመ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ መዝገብ ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው መካከል ከተከዜ ወዲያ ያሉትን የሰሜን ሰዎች ሲጠቅስ፣ አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ጉምና ብርድ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት ተራራ መሆኑን ይናገራል። «ሰሜን» የሚለው ስም ራሱ በአክሱም ዘመን «ደቡብ» ማለት ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ከአክሱም ሆኖ ለሚያይ ተራራው በደቡብ ነውና። መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራራው ባለበት ሆኖ ትርጉሙ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ክርክር ሆነ። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ በዚሁ በአዲ አርቃይ በኩል አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ሄንሪ ሶልት በዓይኑ አይቶ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ ስላላለፈ ነው ሲል ተቸው። እኔ ብሩስን ትንሽ አዝንለታለሁ። ያለፈው በየካቲት ነው። እኔም በየካቲት ነው የወጣሁት፣ እኔም አላየሁም።

ያየሁት ውርጭ ነው። ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ከድንኳን ስወጣ በቅሎ ነጂው የጄሪካኑን አፍ በድንጋይ ይቀጠቅጣል፤ ውሃው ከላይ ረግቶ አንድ ጣት ያህል ወፍራም መስተዋት ሠርቷል። መሬቱ ደረቅ ይመስል ነበር፣ ስረግጠው ግን ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሌሊት ከአፈሩ ውስጥ የወጣው እርጥበት እንደ መርፌ ወደ ቀጠነ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ቀጥ ብሎ ወደ ቆመ በረዶ ተለውጧል፤ መርፌዎቹም የአፈሩን ቅርፊት ከነጠጠሩ ወደ ላይ አንስተውታል። አንዷን በጣቴ አነሳሁ። ጫፏ ላይ ትንሽ አፈር ተሸክማለች። ፀሐይ ጅብራው ላይ ስታርፍ መርፌዎቹ ተራ በተራ ወደቁ፤ ቁርስ ሳንበላ መሬቱ ጭቃ ሆነ።

ስካውታችን ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሻይ እየጠጣ «ሐምሌና ነሐሴ ብትመጣ ቧሂት ተራራ ነጭ ሆኖ ታየዋለህ» አለኝ። «ስንት ቀን ይቆያል?» ስለው ሳቀ። «ቀን? ምሳ ሰዓት ብትደርስ ደግ ነው።»

ጉዳዩ ሁሉ በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ስኪ የሚጠይቀው የሚወርድ በረዶ ብቻ አይደለም፣ የሚቆይ በረዶ ነው። በአልፕስ ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ፤ ታኅሣሥ ላይ የወደቀው እስከ ሚያዝያ እየተደራረበ ይቆያል። ሰሜን ላይ ሁለቱ ተጣልተዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ስለሆነ የሚወርድ ነገር የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ይወርዳል፣ ያኔ ግን ደመናው እንደ ጋቢ ሌሊቱን ይሸፍነዋል፣ ቀን ቀን ደግሞ ደመናው ሲገለጥ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ተራራው ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከራስ ደጀን አናት በላይ ትሆናለች። አዲስ የወደቀ በረዶ ከዚህ የባሰ ጠላት የለውም። በጥንቱ ቀዝቃዛ ዘመን ግን እዚህም የበረዶ ግግር ነበር፤ እየተንሸራተተ የገፋው የድንጋይ ክምር ከጫፎቹ ሥር ዛሬም ይታያል። በአፍሪካ እስከ ዘመናችን ግግር የተረፋቸው ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ናቸው፣ እነሱም እየሟሙ ነው።

አዲስ አበባ ቡና ላይ «ሰሜን ላይ ስኪ ቢከፈት ቱሪስት ይጎርፍ ነበር» የሚል ሰው ገጥሞኝ ያውቃል። በረዶ በማሽን ይሠራ የለም ወይ አለ። ይሠራል፤ ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ፣ ብዙ ውሃና ብዙ መብራት ካለ። በጋ ላይ ብርዱ ሌሊት ሌሊት አለ፤ ውሃው ግን የለም፣ ምንጩ ለከብቱም አይበቃም። ቦታው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በስንት መከራ የወጣ ፓርክ ነው። ዋልያ ሌላ አገር የለውም። ለሰዎች ሸርተቴ ተብሎ ዋልያን ከገደሉ ማፈናቀል እብደት ነው፤ ይህን ያልኩት ለዚያ ሰውዬ ነው፣ አልተስማማንም።

በረዶ የሌለበት አገር ሰው ግን ስኪ አይችልም ማለት አይደለም። ቴሌቪዥኑ ላይ የጠዋቱ የአገር አቋራጭ ውድድር ድጋሚ ሲጀምር («ሁለት ሁለት መቋሚያ ይዘዋል» አሉ አዛውንቱ) ያወራሁላቸው ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነው።

ሮቤል አዲስ አበባ የተወለደው በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን ነው። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሌክ ፕላሲድ በምትባል፣ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ባስተናገደች ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ገባ። በረዶ ባለበት ትምህርት ቤት ልጅ የሚጫወተው በበረዶ ነው፤ ስኪውን እዚያ ለመደው፣ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲም ተወዳደረበት። ኋላ ለኢትዮጵያ ልወዳደር ብሎ ሲነሳ የሚመዘግበው ፌዴሬሽን አልነበረም። ስለዚህ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ስኪ ፌዴሬሽን እንዲመሠረት አደረገ። አዲስ አበባ ሲመጣ የሚለማመደው በባለ ጎማ ስኪ፣ በአስፋልት ላይ ነበር። ባለ ጎማ ስኪ የኖርዌይ ቡድኖችም በጋ ላይ የሚለማመዱበት አጭር ጣውላ ነው፤ ፊትና ኋላው ጎማ አለው፣ ፍሬን ግን የለውም። ከታክሲ ጋር እየተጋፉ፣ በሁለት ምርኩዝ መሬቱን እየቆነጠጡ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ይገምተው።

የካቲት 1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክረምት ኦሊምፒክ ገባ። የያዘው ሮቤል ነው፤ ከሱ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትሩ በ80ዎቹ ውስጥ ባለ ደረጃ ጨረሰ። ከኋላው ከቀሩት አንዱ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ነበር፤ በሩጫ ስንት ዘመን ከምንናቆረው ጎረቤት ጋር በረዶ ላይም ተገናኝተን አሸንፈናል። ይህን ስነግራቸው ሪሞት የያዘው ጎረምሳ ብቻ አጨበጨበ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ሮቤል ዳግመኛ ብቻውን ባንዲራ ይዞ ገባ፣ ደረጃው ከ90ኛ ወዲያ ነበር። ያን ውድድር ያሸነፈው የስዊዘርላንዱ ዳሪዮ ኮሎኛ ነው፤ አዲ አርቃይ ቡና ቤት ውስጥ በስምንት ዓመቱ የምናየውን የኮሪያውንም ያሸነፈው እሱው ሆኖ ተገኘ።

ያቆየነው ሐሳብ አሁን ይነሳ። ሯጭ ስኪ ላይ ይበረታል? የቦይት ታሪክ መልስ ይሰጣል። ቦይት 800 ሜትር ሯጭ ነበር፤ ስፖንሰር ተገኝቶለት ፊንላንድ ሄዶ ስኪ ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ቀረበ። አሸናፊው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ 10 ኪሎ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ሲጨርስ ቦይት 47 ደቂቃ ፈጀበት፣ መጨረሻ ወጣ። ዴሊ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስቆይቶ መጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀው፣ አቀፈው። ቦይት ኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሃያ ደቂቃው ግን ሃያ ደቂቃ ነው። ሳንባው ነበረው። ያልነበረው ጣውላው መቼ እንደሚይዝና መቼ እንደሚያንሸራትት በእግር ጣት የመስማት ልምድ ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ቋንቋ በልጅነት ካልገባ ያስቸግራል። ሮቤል ቦይትን የቀደመው ሌክ ፕላሲድ በማደጉ ይመስለኛል። በዚያው በኮሪያው ኦሊምፒክ ለኤርትራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው ወጣትም በረዶውን ያገኘው ካናዳ አድጎ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሆኖ መሞከር ለሚፈልግ፣ አልፕስ ባይደርስም አፍሪካ ውስጥ ቦታ አለ። ሞሮኮ ከማራኬሽ ብዙ ሳይርቅ ኡካይመደን አለላት። ሌሶቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ አፍሪስኪ የሚባል ቦታ አላት፤ ወቅቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፣ የጎደለውን በማሽን ይሞላሉ። ከአገራችን ሰው ግን በረዶን ዱባይ ያየው ጥቂት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ውጭው እሳት ሲሆን ውስጡ ከዜሮ በታች የሆነ 400 ሜትር ቁልቁለት አለ። ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን በመስተዋቱ ወዲህ ሆነው፣ የአሠሪያቸውን ልጅ ካፖርት ይዘው የሚያዩት በረዶ ማለት ነው።

እግሬ ማበጡን ያየችው ባለ ቡና ቤቷ ናት። «ጉልበትህ ነው እንዴ እንዲህ የሆነው?» ብላ ፍሪጁን ከፈተች። ፍሪጁ አሮጌ ነው፣ አብዝቶ ያቀዘቅዛል፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ የነበረው ውሃ እስከ አንገቱ ረግቷል። «ይቅርታ፣ በረዶ ሠርቶብኛል፣ አይጠጣም። እሱን ያዝበት» አለችና በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ሜዳው ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ ሜክሲኳዊ፣ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ይመጣል። ከተመልካች የተቀበለውን የአገሩን ባንዲራ ከምርኩዙ ጋር ይዟል። እየተንገዳገደ መስመሩን ሲያልፍ ቀድመውት የደረሱት የሞቃት አገር ልጆች፣ አንዱ የቶንጋ ሰው፣ ከመሬት አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«አሸነፈ?» አለች ሴትዮዋ።

«የለም እቴ፣ መጨረሻ ነው የወጣው።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ቢሆንም ወርዶታል» አሉ። ጎረምሳው ሪሞቱን ተጭኖ ወደ ዜናው መለሰው፤ ከፎጣው ውስጥ ውሃ ወደ ጫማዬ ይንጠባጠብ ጀመር።